በልጄ ጽሑፍ የተጠቀለለው አዝሙድ

ዛሬ ቡሬ ከሱቅ የገዛሁት ጥቁር አዝሙድ የተጠቀለለው በልጄ በብርቱካን የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ይኼን ወረቀት ከየት አመጡት?» አልኳቸው ባለሱቁን።

«ከእርስዎው ቤት ነዋ! ልጅዎ ትናንት ደብተሯን ሁሉ ለመጠቅለያ አምጥታ ሰጠችን። አልነገረችዎትም?»

እዚያው ቆሜ አነበብኩት። አብራሪ እሆናለሁ ትል በነበረ ጊዜ ስለ ሄሊኮፕተር የጻፈችው ነው። አውቶፓይለት የሚባለው፣ በረራውን የሚያግዘው ማሽን፣ መሪውን ከአብራሪው እጅ አይነጥቅም ይላል፤ ቀስ ብሎ እየገፋ አቅጣጫውን ያመላክተዋል፤ አብራሪው ካልተስማማ ጠንከር አድርጎ ሊመልሰው ይችላል። ከዚያ በታች ተቀድዷል።

(እኔም ማንበብ የለመድኩት በመጠቅለያ ወረቀት ስለሆነ፣ ከማውቀው ነገር አብዛኛው መጨረሻ የለውም።)

ቤት ገብቼ «ለምን?» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ ትምህርት ጨርሻለሁ።»

«ከአሥረኛ ክፍል?»

«ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆነው እኮ። የመጡትን ሽማግሌዎች እሺ በያቸው፤ ልዳር።»

ልቆጣት አልቻልኩም። እንደዚያ ማሽን ቀስ አድርጌ ልገፋት ፈለግሁ፤ ግን ወዴት? የምገፋበት አቅጣጫ አጣሁ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ መልስ ሊወስዱ ይመጣሉ።

እንዲህ ተስፋ የቆረጠች ልጅ ቤታችሁ ያለች እናቶች፣ ምን አላችኋት? ከእሑድ በፊት ጻፉልኝ።