ከነቁልፉ የቀረ ስልክ

ሸዋሮቢት ላይ ስልክ ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት ከሰው ጋር ያልተጣላሁበት ሳምንት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጠቡ በኔ ጥፋት ቢሆን ደግሞ እሺ። ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ እኔን በዓይኑ አይቶኝ በማያውቅ ኩባንያ ጥፋት ነበር ስሰደብ የምውለው። ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበረች። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፤ ማራገቢያዬም ያንኑ ወላፈን መልሶ ፊቴ ላይ ይነፋል። በዚያ ሙቀት ላይ አንዱ ይመጣና፣ እህቱ ከአሜሪካ የላከችለትን የሚያብረቀርቅ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ "ሲም እንቢ አለኝ፣ ክፈቺልኝ" ይላል።

ያኔ እኛ አገር ያለው ሲም አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ስልክ ሲም ይመርጣል ብትሉት የሚያምናችሁ ሰው የለም። ውጭ አገር ግን ስልኩን የሚሸጠው ራሱ የመስመሩ ኩባንያ ነው፤ ከሌላ መስመር እንዳይሠራ ቆልፎ ይሸጠዋል። እኛ ጠጋኞች በፊት በፊት መላ ነበረን። ስልክ ሲበራ ከሁሉ ቀድማ የምትነቃ ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ቡትሎደር ትባላለች። የበር ዘበኛ በሏት። እሷን አግባብተን ጓዳ ከገባን፣ ቁልፉንም እንፈታለን፣ የተረሳ ፓተርንም፣ በጣት የሚሣለውን መክፈቻ፣ ፎቶው ሳይነካ እናነሳለን። ኋላ ላይ ኩባንያዎቹ ነቁብን። ዘበኛዋን ራሷን ቆለፏትና አረፉት።

ይኼን ለደንበኛ ማስረዳት ልብ አውልቅ ነው። ጀውሃ ላይ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ የሚሸጡ አንድ ሰውዬ ነበሩ። ነገሩን ከላይ እስከ ታች አስረድቻቸው ስጨርስ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

"ስልኩ የኔ አይደለም እንዴ?"

"የርስዎ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ በገዛ ንብረቴ ላይ ቁልፍ የያዘብኝ ማነው?"

"ኩባንያው ነዋ።"

"በሬ ሸጦ ገመዱን ይዞ የቀረ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም! አለማወቅሽን በኩባንያ አታሳብቢ። ሴት ልጅ ስልክ ትጠግናለች ብዬ የመጣሁት እኔ ነኝ ጅሉ!"

"እንግዲያው ይውሰዱትና ወጥ ያማስሉበት!" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በኔ በኩል ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። የገመዷን ነገር ግን ልክ ብለዋል፤ እስከ ዛሬም ኩባንያዎቹን ስረግም በሳቸው ቃል ነው የምረግመው።

እንዲህ ያለውን ጠብ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት እትዬ የመጡ ቀን የጀመረውን ነው።

እትዬ የምላቸው ሴትዮ ከቀወት ገጠር ናቸው። በየገበያው ቀን ሽንኩርታቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ መንደራቸው መብራት ስላልገባ አሮጌዋን ስልካቸውን እኔ ዘንድ ቻርጅ ላይ ይሰኩና ገበያቸውን ውለው ይወስዷታል። ሴት ልጃቸው አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ወንድ ልጃቸው ደግሞ ጥር ላይ ሊያገባ ነው፤ ጠላው ሊጠነሰስ፣ ድንኳኑ ሊታዘዝ ነው። የዚያን ቀን ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው አንድ ትልቅ ስልክ አወጡ። ፊታቸው በርቷል።

"ልጄ ላከችልኝ! አንዲት የማጀቴ ከተማ ልጅ ከዚያው ስትመለስ ይዛልኝ መጣች። ብቻ ምን እንዳስቸኮላት እንጃ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ እጄ ላይ ጥላው ሄደች።"

ስልኩን አሠሪዎቿ ናቸው የሰጧት። የአሠሪዎቹ ልጅ አሜሪካ ሲማር ይዞት የነበረ ነው፤ ሲም ስለማይቀበል እሷ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ትጠቀምበት ነበር። ለእናቷ ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል፣ "ድምፄን ቀድቼ እዚያው ስልክ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ፤ ለወንድሜ ሠርግም መርቄ፣ እልል ብያለሁ፤ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ" ብላቸዋለች። እትዬ የሚፈልጉት ይኼንኑ ነው፤ የእህቱ እልልታ ሠርጉ ላይ እንዲሰማ።

ስልኩን ሳበራው መጀመሪያ የአንድ የአሜሪካ መስመር ኩባንያ ምልክት መጣ። ቀጥሎ የልጅቷ ፊት። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ትስቃለች። ጣቴን ሳስነካው ፊቷ ላይ የፓተርኑ ነጠብጣቦች ወጡ።

"ምን እንደምትሥል ያውቃሉ?"

"መስቀል ነው እንጂ! ሌላ ምን ታውቃለች የኔ ልጅ?" አሉና በሽንኩርት ሥራ በሻከረ ጣታቸው መስቀል ሠሩ። እንቢ አለ። የስሟን መጀመሪያ ፊደል ሞከርን፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ንቅሳት ሞከርን፣ አሁንም እንቢ። ኮምፒዩተር ላይ ሰካሁትና ዘበኛዋን ደጅ ጠናሁ። ወይ ፍንክች! ኩባንያው ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ስልኩን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሳት። ያን ጊዜ ፓተርኑም ይሄዳል፣ ድምፁም ፎቶውም አብሮ ይሄዳል።

"ቆይ እስቲ፣ ልጁን ልጠይቀው፤ የእህቱን ነገር እሱ ያውቃል" ብለው ስልኩን እኔው ጋ ትተውት ሄዱ።

በማግስቱ የባላቸው ወንድም መጡ። ከአንድ ለአምስት ስብሰባ መውጣታቸው ነበር፤ ከቀበሌው ሌላ ሽማግሌ አስከትለዋል። በሩን ገርበብ አድርገው ኩርሲው ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ያ ስልክ ተከፈተ?"

"አልተከፈተም ጋሼ።"

"እሰይ። እንዳይከፈት።"

ነገሩ ገብቶኝ ሳይሆን ድምፃቸው ነው ያስደነገጠኝ። ልጅቷ አርፋለች። ታማ ነው አሉ፤ ምን እንዳመማት የሚያውቅ የለም። የማጀቴዋ ልጅ ልብሷንና ስልኳን ይዛ የመጣችው ለኚሁ ለአጎቷ ልታስረክብ ነበር። ቤቱን ስትጠይቅ እናትየው ፊት ለፊት ገጠሟት፤ የልጄ ጓደኛ ብለው አንገቷን አቅፈው ሲስሟት ጨነቃትና፣ "ልካልሽ ነው" ብላ ስልኩን እጃቸው ላይ አድርጋ ሮጠች፤ ልብሱንና መርዶውን ለአጎትየው አደረሰች።

"እስከ መቼ ነው የምትደብቋቸው?" አልኩ።

"ሠርጉ ይለፍ። ጠላው ሊጠነሰስ ነው፣ ዘመድ ተጠርቷል። ከመልሱ በኋላ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ይረዳታል። መርዶ ከስልክ አይሰማም። አንቺም አይከፈትም በያት።"

"ልዋሽ ብፈልግም እኮ አልችልም ጋሼ፤ እውነትም አይከፈትም!"

"ይኸው፣ እግዜርም አግዞናል" አሉና መርቀውኝ ሄዱ። ተናደድኩ፣ እርር ነው ያልኩት። የዚያ ኩባንያ ቁልፍ የእግዜር እርዳታ ሆኖ ቁጭ ይበል? እኔ የምበሳጭበት እውነት ለሳቸው ሽፋን ሆነ። ቢሆንም አገሩ እንዲህ ነው፤ እናቴ ስትሞት ለኔም የተነገረኝ እንደዚያው ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰው ቤቴን ሞልቶ ሳለ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

በገበያው ቀን እትዬ ገና ሽንኩርታቸውን ሳያራግፉ ሱቄ ደረሱ። ልጁም ፓተርኑን አያውቅም።

"በቃ አጥፊው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም አጥፊው። ስልኩ ይከፈትና በሠርጉ ቀን ከከተማው ሆቴል ዋይፋይ ላይ ታገናኚኛለሽ፤ ፊቷን እያየሁ አናግራታለሁ። እልልታውን ራሷ ትለዋለች። የተቀዳው ቢጠፋስ? ሌላ ትቀዳለች።"

ሌላ ትቀዳለች! የሽማግሌዎቹ ነገር እስከዚህ መድረሱን ያኔ ነው ያየሁት። እኚህ ሴት የልጃቸውን የመጨረሻ ድምፅ አጥፊልኝ እያሉ የሚለምኑኝ ሌላ ድምፅ እንደማይመጣ ስላልተነገራቸው ነው። ቢያውቁ ጣቴን በቆረጡት።

"ኮምፒዩተሬ ተበላሽቷል እትዬ" አልኩ።

"ይኸው ሲሠራ እያየሁት?"

"ገመዱ ነው... ይኼኛው አይሆንም።"

ትኩር ብለው አዩኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ገበያ ላይ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፣ የሚያጭበረብርን ሰው ያውቃሉ። ስልኩን ልታስቀርብኝ ነው ብለው ነው ያሰቡት፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

"አምጪው በይ። ካራቆሬ አንድ ጎበዝ ጠጋኝ አለ አሉ፤ ዓይንሽ እያየ አጥፍቶ ይሰጥሻል ብለውኛል። አሁን ሚኒባስ አለ፣ ደርሼ እመለሳለሁ።"

እጃቸውን ዘረጉ። የካራቆሬውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ ካለው ዓይኑን አያሽም፣ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ስልኩን ባዶ ያደርገዋል። አጎትየው ጋ እንዳልሮጥ መንደሩ ሩቅ ነው። ስልኩን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ሲበራ ያቺ ልጅ ሳቀችብኝ። ልሰጣቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ጣቶቼ ግን አልለቅ አሉ። እሳቸው በዚያ በኩል ይጎትታሉ፣ እኔ በዚህ በኩል።

"ልቀቂ እንጂ! ምን ሆነሻል?"

"አይጥፋ እትዬ።"

"የኔ ንብረት አይደለም? አንቺ ምን አገባሽ?"

"አይጥፋ አልኩ እኮ! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አያስጠፉት!" ብዬ ጮህኩ። ሳላውቀው እንባዬ ወርዷል።

መጎተታቸውን ተዉ። ፊቴን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ እንደገና ፊቴን አዩ። የማጀቴዋን ልጅ ሩጫ፣ የልጃቸውን ድምፅ መጥፋት፣ የአጎትየውን ዝምታ በልባቸው ሲያገናኙት ይታወቅ ነበር። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ገለበጡት፣ ከታች የነበረውን ጥለት ወደ አንገታቸው አድርገው ለበሱት፤ ለለቅሶ እንደሚለበሰው። ከዚያ ኩርሲው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በሩን ዘጋሁና እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ረዳቱ "ካራቆሬ! አጣዬ!" እያለ ይጣራል።

ኋላ ተነሱ። ነጠላቸውን እንደገና ገለበጡ፤ ጥለቱን ወደ ታች መለሱት። ፊታቸውን በጫፉ ጠረጉ።

"አንቺ አልነገርሽኝም" አሉ።

"አልነገርኩዎትም።"

"እኔም አልሰማሁም። የልጄ ሠርግ ይለፍ።"

ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ማሽላ እያረረ ይስቃል ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ በሰው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እትዬ እስክስታ ወረዱ፣ ሙሽራዋን አቅፈው ሳሙ፣ እኔ ፊት ሲደርሱ እልልታቸውን አቀለጡት። አጎትየው ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "አየሽ? ነግረናት ቢሆን ይኼ ሁሉ ደስታ ይቀርባት ነበር" አሉኝ። ቀና ብዬ ባያቸው ፊታቸው ላይ ተንኮል የለም፤ የወንድማቸውን ሚስት እንዳዳኑ ነው የሚያምኑት።

ከመልሱ በኋላ በማለዳ መጥተው አረዷቸው። እትዬ ያኔ ጮሁ። ደረታቸውን ደቁ፣ መሬት ወደቁ፤ እንደ አዲስ ሰሚ ነው ያለቀሱት። እኔ ብቻ ነኝ ያን ጩኸት ስንት ቀን በሆዳቸው ይዘውት እንደዋሉ የማውቀው።

ከርመው ጥቁር ለብሰው ወደ ገበያ ወረዱ። አሮጌዋን ስልክ ሰኩ፤ አጠገቧም ያንን ትልቁን። ሲበራ የልጅቷን ፊት ጎንበስ ብለው አዩት።

"አልጠፋም አይደል?"

"አልጠፋም እትዬ። እንዳለ ነው።"

"እሰይ።"

ያን ኩባንያ ረገምኩት። ከውቅያኖስ ማዶ የተቀመጠ አንድ ሰው እሺ ቢል፣ ያችን ዘበኛ ዞር በይ ቢላት፣ ይቺ እናት የልጇን ድምፅ አሁን፣ እዚሁ ኩርሲ ላይ ትሰማ ነበር። ስልኩ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ፤ ገመዱ ግን አሁንም እነሱ እጅ ነው።

"ፓተርኑን አንድ ጊዜ እንሞክር?" አልኳቸው።

"ተዪው" አሉኝ። "ውስጡ ያለው እልልታ ነው። የሠርግ እልልታ ለቅሶ ቤት አይከፈትም። ልጄ ወልዶ፣ የልጅ ልጄ ሲዳር ያኔ ትከፍቺልኛለሽ። እስከዚያ ከነቁልፉ ይቀመጥ።"

የማይከፈት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ረስተውት አይደለም።

"እሺ እትዬ" አልኩ። ቻርጁ ሞልቶ ነበር፤ ነቅዬ ሰጠኋቸው።