የማያፈስ መነጽር

የምድር ቤቱን ፎራድ ስከፍት ቀድሞ የተቀበለኝ የጎማ ሽታ ነው። ያረጀ ጎማ፣ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ደግሞ አሁን የጠፋ ክብሪት የሚመስል ነገር። እዚህ ስቶክሆልም፣ ሁስቢ ሰፈር ውስጥ የእኔን ያህል የተጨናነቀ የዕቃ ማስቀመጫ ያለው ሰው የለም፤ ሦስት የማይሠሩ ቴሌቪዥኖች፣ እግር የሌለው አልጋ፣ ከኖኅ መርከብ የተረፈ የሚመስል ምንጣፍ። ከዚያ ሁሉ ኮተት መሀል አፍንጫዬ እየመራ ወደ አንዲት ካርቶን ወሰደኝ። የአባትሽ የመጥለቂያ መነጽር ነበር። ከሥሩ ደግሞ አንድ የስልክ ካርድ፤ ቁጥሩን የሚሸፍነው ብርማ ቀለም እስካሁን ያልተፋቀ።

ትናንት በስዊድንኛ የላክሽልኝን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባሕር መጥለቅ ልትማሪ ነው፤ መነጽሩን ትፈልጊያለሽ፤ አባትሽን ለምን መጥለቅ እንደተወ ብትጠይቂው “እሱን ጠይቂው” ብሎሻል። እሱ ማለት እኔ ነኝ። እሺ። እኔ በአማርኛ ልንገርሽ፣ አንቺ እንደ ልማድሽ በስዊድንኛ ትመልሺልኛለሽ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔና አባትሽ ሲምሃል እናጸዳ ነበር፤ የመዋኛ አዳራሽ። ክሎሪኑ ቆዳችን ውስጥ ከመግባቱ የተነሳ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ፣ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ይቀላ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የጠላቂዎች ክበብ እዚያ ይለማመዳል። አባትሽ መወልወያውን ተደግፎ፣ ከታች የሚወጣውን አረፋ እያየ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንዲት ሰድር ይወለውል ነበር። አሠልጣኟ ሽበታም ስዊድናዊት ነበረች። አንድ ቀን መጥታ፣ “እሱን አስቀምጥና ግባ” አለችው። ገባ። እኔ የገባሁት እሱ ስለገባ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ቀን ሰውነቴ በአንድ ጊዜ ያየው ብዙ ውሃ ጥምቀት ላይ የተረጨሁት ነው።

በረዶው ቀልጦ ሐይቅ ውስጥ ያስገቡን ቀን ጥርሴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ያቆመው ሰኔ ላይ ነው። ከሐይቁ ወለል ላይ የነበረው አንድ የዛገ ብስክሌትና አንድ የሱፐርማርኬት ጋሪ ነው። አባትሽ ግን ከብስክሌቱ ፊት እንደ ቤተ መንግሥት ጎብኚ ቆመ። ሲወጣ፣ “ትልቁን ዓሣ ሳላይ አልሞትም” አለኝ። ክበቡ ውስጥ ሥዕሉን አይቶ ነበር፤ ከሻርክ ወገን የሆነ፣ ሰው የማይነካ፣ ዓሣ ነባሪ የሚያህል እንስሳ። ራቅ ባለ ውቅያኖስ መሀል ካለች የእሳተ ገሞራ ደሴት ዙሪያ ይዞራል አሉ።

ስሟን የያዝሽላት አያትሽ ውሃ ትፈራ ነበር። ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ አፋፍ ላይ ኖራ ሐይቁን የምታየው በጎን ነበር። አባትሽ በልጅነቱ ተደብቆ ዋኝቶ ሲመለስ፣ ፀጉሩን አድርቆ፣ ልብሱን አስተካክሎ ሲገባ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ክንዱን ይዛ በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ውሃ የነካው ቆዳ ደርቆ ሲጫር ነጭ መስመር ያወጣል። መስመሩ ከወጣ አለቀ፤ ጩኸቱ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማል።

እሑድ እሑድ ካርድ ፍቀን እንደውልላት ነበር። እኔን “አንተ ቀጣፊ” ነበር የምትለኝ። ስለ ደሴቷ የነገራት ቀን ከጎኑ ሆኜ እሰማ ነበር።

“ከውሃ አርቄ ያሳደግኩህ ለዚህ ነው?” አለች።

“አይነካም እኮ እማ። ጥርሱ የሩዝ ፍሬ ነው የሚያህለው።”

“ዮናስን የዋጠውም እንዲያ እያለ ይሆናል የዋጠው። በል፣ አንድም ነገር ሳታስቀር አይተህ ትነግረኛለህ። ከዋሸኸኝ ክንድህን እጭረዋለሁ።”

“በስልክ?”

“በስልክ!”

ገንዘብ አጠራቅመን ሄድን፤ ደሴቷ ላይ አርብ ቀን አረፍን። አሸዋው እንደ ከሰል ጥቁር፣ ድንጋዩ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ አየሩ ክብሪት ክብሪት የሚል። አባትሽ አንድ ድንጋይ አንስቶ አሽትቶ፣ “የቢሾፍቱ ድንጋይ ነው፤ ማን አመጣው?” አለ። አንዲት ማረፊያ፣ አንድ ስልክ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ የምትመጣ አንዲት መርከብ፤ ያ ነው አገሩ። እሑድ ደወለላት። “ገና አላየሁትም እማ” አላት። “ቶሎ እይና ና” አለችው።

በሚቀጥለው አርብ ጠዋት አባትሽ ጀልባዋ ጋ የአየር ሲሊንደር ሲያስር የማረፊያው ባለቤት እኔን ጠራኝ። ስልኩ ላይ ስቶክሆልም አጠገብ፣ ሶለንቱና የሚኖሩት የአባትሽ አጎት ነበሩ።

“ብቻህን ነህ?” አሉኝ።

“አዎ፣ ጋሼ።”

“እናቱ አርፋለች። ትናንት ተቀብራለች።”

ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል አባትሽ ይታየኛል። ባዶ እግሩን ጥቁሩ አሸዋ ላይ፣ እያፏጨ።

“እንዳትነግረው። መርከቡ መቼ ነው?”

“በሳምንቱ ነው፣ ጋሼ።”

“በል እስከዚያ ያዘው። ሰው በሌለበት፣ ከባሕር መሀል ሰው አይረዳም። እዚህ ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት በወጉ ይነገረዋል። አንተ ቀልደኛ ነህ፣ ታውቅበታለህ። አስቀው።”

አስቀው አሉኝ። እኔም አሳቅኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ቀልጄ አላውቅም። ለዓሣው ሁሉ የሁስቢ ሰዎችን ስም አወጣሁለት፤ አንዱን አፉን የማይዘጋ ዓሣ “የቤት ኪራይ ቢሮዋ ሴትዮ” አልኩት። እንደ ጋቢ ክንፉን ዘርግቶ በላያችን ያለፈውን ደግሞ ከቅዳሴ ያረፈደ ምእመን አደረግኩት። አባትሽ ሆዱን ይዞ ይንከባለል ነበር። እኔ እያንዳንዷን ሳቅ እንደ ስርቆት ቆጠርኳት።

እሑድ መጣ።

“ካርዱ የት አለ?”

“ሻርኩ በላው።”

“አምጣ አንተ ቀጣፊ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች!”

ሻንጣዬን ገለበጠ፣ ኪሴን በረበረ፣ አሸዋው ላይ ጥሎ ኮረኮረኝ። ካርዱ በጫማዬ ሶል ሥር ነበር፤ ከስቶክሆልም የያዝነው የመጨረሻው። ሲሰለቸው ተነስቶ አሸዋውን አራገፈና፣ “አንዳንዴ ቀልድህ አይጥምም” አለኝ። “ግድ የለም፣ ዓሣውን ሳየው አንድ ላይ እነግራታለሁ።”

ረቡዕ አየነው።

ከሥራችን ከድንጋዩ ስንጥቅ ሞቃት አረፋ እንደ ዶቃ ክር ይወጣ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚሰማው የራስሽ ትንፋሽ ነው፤ ሲገባ እንደ ወናፍ፣ ሲወጣ እንደሚፈላ ድስት። ብርሃኑ ከላይ ተሰንጥቆ ይወርዳል። ከዚያ ሰማያዊው ነገር ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። መጀመሪያ አፉ መጣ፣ ከዚያ እንደ ጅግራ ዝንጉርጉር የሆነው ጀርባው፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ አሁንም ጀርባው። ዓይኑ ትንሽ ናት፤ አየችንና አለፈች። አባትሽ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተንሳፍፎ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እንዲህ የተደሰተ ፊት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

መነጽሬ ውስጥ ውሃ ሞላ።

በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ አሠልጣኟ እንዳስተማረችን ቀና ብለህ በአፍንጫህ ንፋ። ነፋሁ፤ ወጣ። እንደገና ሞላ። ነፋሁ። እንደገና ሞላ። ዓሣው ጅራቱን አንዴ ወዝወዝ አድርጎ ሰማያዊው ውስጥ እስኪጠፋ እኔ እየነፋሁ ነበር።

ጀልባዋ ላይ አባትሽ መነጽሩን ሳያወልቅ ማውራት ጀመረ።

“ለእማ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ከጓሯችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይደርሳል ብላት ታምነኛለች?”

“አሳነስከው” አልኩት። “ጨምርበት።”

“መነጽርህ ያፈሳል እንዴ?”

“ያፈሳል።”

በማግስቱ የራሱን አዲሱን መነጽር ለእኔ ሰጥቶ የእኔን አጠለቀ። አንድ ሰዓት ቆይተን ወጣን። መነጽሩን አገላብጦ አየና፣ “ያንተ እኮ ጠብታ አያስገባም” አለኝ። “አንተን ፈርቶ ነው” አልኩት። ሳቀ። መርዶውን ሳይሰማ የሳቀው የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነው።

ስቶክሆልም በረዶ ላይ አረፍን። ከአየር ማረፊያው ስንመጣ ባቡሩ ውስጥ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ተኛ። ቤቱ ገብቼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ፤ የራሴ ቤት ሁለት በር አልፎ ሆኖ ሳለ ለምን እንዳልሄድኩ አልጠየቀኝም። ሊነጋጋ ሲል ደረጃው ላይ ብዙ እግር በቀስታ ሲወጣ ሰማሁ። በሩ ተንኳኳ። አባትሽ በካናቴራ ወጥቶ ከፈተ። አጎቱ ከፊት፣ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸው ላይ ያለው በረዶ ምንጣፉ ላይ እየቀለጠ። አባትሽ እነሱን አይቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

“መነጽርህ አያፈስም ነበር” አለኝ።



የልቅሶውን ሰሞን ወንበር ተሸከምኩ፣ ሻይ አቀረብኩ፣ በር ከፈትኩ። አባትሽ ሁሉን ያናግራል፣ እኔን አያናግርም። አጎቱ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ “ደግ አደረግክ” አሉኝ። ልክ ነበሩ ይሆናል። ነግሬው ቢሆን አንድ ሳምንት ከጥቁር ድንጋይና ከስልክ ጋር ብቻውን ያለቅስ ነበር። ስላልነገርኩት ደግሞ እናቱ አፈር ውስጥ ሆና እሱ አሸዋ ላይ ይስቅ ነበር። እስከዛሬ ሁለቱን እያገላበጥኩ አያለሁ፤ የቱንም ልሸከመው አልቻልኩም።

የአርባዋ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቴ መጣ። ጥቁር ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“ለሷ ልነግራት የነበረውን ለአንተ ልንገርህ። አንተ እዚያ እንዳልነበርክ ሁን። እንዳትጨምር፣ እንዳትቀልድ።”

“እሺ።”

ነገረኝ። ስለ አረፋው፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ትንሿ ዓይን። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አላለም። “ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢያህል ነው” አለ። እኔም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም አልጨመርኩበትም። ሲጨርስ የኮቱን እጅጌ ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ከዚያ ገባኝ። በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። የስቶክሆልም ክረምት የሰው ቆዳ ያደርቃል፤ ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ።

“ዋኝተሃል” አልኩት።

“ዋኝቻለሁ እማ” አለ።

ከዚያ ወዲያ ውሃ አልገባም። አሠልጣኟ ብታባብለው፣ “አሁን ያየሁትን ለማን ነው የምነግረው?” አላት። መነጽሩንም አልጠየቀኝም። በዓል ሲሆን እንገናኛለን፣ እንሳሳማለን፣ በቀልዴም ይስቃል፤ ግን ከመሳቁ በፊት አንዴ ዓይኔን ያያል። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

መነጽሩን ነገ ነይና ውሰጂ፤ ጎማውን አጥቤልሻለሁ። ካርዱ እኔ ጋ ይቆይ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ፤ መጀመሪያ የጠለቅሽ ቀን ቅባት ሳትቀቢ በቀጥታ ወደ አባትሽ ሂጂ። ምንም አትንገሪው። እጅጌሽን ሰብስቢና ክንድሽን ስጪው።