የአምስት ቀኗ ልጅ ስም

እትዬ ኡሙሀኒ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ረዳት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንቱታውን ግን ራሷ ስለከለከለችኝ አንቺ እላታለሁ። የማይክሮስኮፕ መስታወት ካጠበች በኋላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳውና በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። አቧራ ከቀረበት ትመልሰዋለች። እኔ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። የሠራውን ሥራ ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

በ2009 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አስትሮይድ በሚፈልጉበት አንድ የውጭ ፕሮግራም ተመዘገበ። አስትሮይድ እንደ ምድር ፀሐይን የሚዞር፣ ግን ፕላኔት ለመባል ያልደረሰ ድንጋይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ትልቅ ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች አንዱን የሰማይ ክፍል በጥቂት ደቂቃ ልዩነት አራት ጊዜ አንስተው ይልካሉ። እኛ አራቱን ፎቶ እያፈራረቅን እናያለን። ኮከብ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ከታየ ይመዘገባል።

ከሃያ ኮምፒውተር ሰባቱን አስነሳሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ ሰለቹ። አንድ ከሰዓት እትዬ ኡሙሀኒ ክፍሉን ልትቆልፍ መጥታ ቁጭ አለች።

«ምህረቱ፣ ይሄ ስክሪን ቆሽሿል።»

በመስታወት መጥረጊያዋ ጠረገችው። አልለቀቀም። ደግማ ጠረገችው።

«እትዬ፣ ቆሻሻ ከፎቶ ወደ ፎቶ አይራመድም» አልኳት።

በእሷ ስም ላክነው። ስም ግን ወዲያው አይሰጥም። መጀመሪያ የሚሰጠው እንደ መኪና ጊዜያዊ ሰሌዳ ያለ ነገር ነው፦ የተገኘበት ዓመት፣ የወሩን አጋማሽ የሚያሳይ ፊደል፣ ከዚያ የተራው ፊደልና ቁጥር። ከዚያ ይጠበቃል። ድንጋዩ ዞሮ ሲመለስ ሌሎችም ደጋግመው አይተው መንገዱን ማረጋገጥ አለባቸው። አንድ ጊዜ ታይቶ የጠፋ ብዙ ነው። መንገዱ ሲታወቅ ቋሚ ቁጥር ያገኛል፤ ስም የሚወጣለት ከቁጥሩ በኋላ ነው። የእኛው ስምንት ዓመት ፈጀ።

ባለፈው ግንቦት ከፕሮግራሙ ደብዳቤ መጣ። አግኚዋ እስከ ሰኔ ሠላሳ ስም ከነትርጉሙ እንድታቀርብ፣ ካላቀረበች አስተባባሪዎቹ እንደሚመርጡ ይላል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰይፈሥላሴ ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን።

«ወንበር በለገሰን ድርጅት እንሰይመው» አሉ።

«የንግድ ስም አይፈቀድም» አልኩ፤ ደንቡን አትሜ ይዤው ነበር።

«እንግዲያው በአንድ ንጉሥ።»

«የፖለቲካና የጦር ሰው ከሞተ መቶ ዓመት መሙላት አለበት።»

«መቶ የሞላውማ አንኮበር ሞልቶልሃል።» ሳቁ። «በቃ፣ የትምህርት ቤታችን ስም።»

«በላቲን ከአስራ ስድስት ፊደል መብለጥ የለበትም። የእኛ ከነአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃው ስቆጥረው አርባ አለፈ።»

«አንተ ደግሞ ወረቀት ስትወድ። የግቢውን ድመት ስም ስጡትና ተገላገሉ።»

«የቤት እንስሳም አይበረታታም።»

አቶ ሰይፈሥላሴ እጃቸውን ሰጡ። ያገኘችው እሷ ናት፣ እሷ ታውጣ አሉ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ኡሙሀኒ ቆመች። «እኔ ያሰብኩት ስም አለ። ግን አላውቀውም» አለችኝ።

የተወለደችው ከአንኮበር በታች፣ አልዩ አምባ ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሴት ልጅ ወለዱ። በእነሱ ልማድ ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን፣ በግ ወይም ፍየል ታርዶ ነው፤ አቂቃ ይሉታል። እስከዚያ ሕፃኗ «እንግዳዋ» እየተባለች ትቆያለች። እንግዳዋ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ስሟን አባትና እናት መርጠው ነበር፤ አባት ከጊዜ በኋላ ሞቱ፣ እናት ለማንም አልተናገሩም። እትዬ ኡሙሀኒ አርባ አራት ዓመት ጠይቃለች። ደንቡ ላይ ታዋቂ ሰው ይሁን የሚል እንደሌለ ነገርኳት። በሚስቱ፣ በአስተማሪው ስም የሰየመም አለ።

በዚያው ቀን ለእናቷ ስልክ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እናቴ፣ ያቺን ያገኘኋትን ድንጋይ ስም አውጪላት ተባልኩ።»

«እስካሁን ምን ጠበቁ?»

«መንገዷ እስኪታወቅ ነው። ጠፍታ እንዳትቀር።»

«ልክ ናቸው። እኛ ሰባት ቀን፣ እነሱ ስምንት ዓመት።»

«የእንግዳዋን ስም ልስጣት፤ ንገሪኝ።»

«ስም በስልክ ይወጣል እንዴ? በጉስ የት አለ?» ብለው ዘጉት።

እትዬ ኡሙሀኒ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ዛሬም እምቢ አለች።»

«እምቢ አላሉም» አልኳት። «በግ ነው የጠየቁት።»

የአልዩ አምባውን ሸህ ዓብዱራህማን ጠየቀቻቸው። ሰባት ቀን ሳይሞላው ለሞተ ልጅም ይታረዳል ያሉ ዑለማዎች አሉ፣ ኑ አሏት። በመጨረሻው ቀን፣ ሰኔ ሠላሳ ማለዳ፣ ከደብረ ብርሃን ገበያ ጸጉሩ የተንዠረገገ የመንዝ በግ ገዛን። እሷ ጀርባውን ጨብጣ ስቡን አየች፤ እኔ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰርኩት። አንኮበር ስንደርስ ጉም ነበር። ወደ ቆላው ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ በጉ ግን የሚያወልቀው አልነበረውም።

እናትየዋ፣ ወይዘሮ ታንጉ፣ ደጃፍ ላይ ጠበቁን። ከእኛ በፊት በጉን አዩ።

«ይሄን ምስኪን ከነካፖርቱ አመጣችሁት?»

ጥርሱን ገልጠው አዩ። እግሩን ዳሰሱ። ጸጉሩን ገለጥ አድርገው ግራ ጆሮውን ሲይዙ ቆሙ። ጆሮው እስከ እኩሌታው ተቆርጧል። ደጋ ላይ ባለቤት በጉን ከሰው በግ የሚለየው በጆሮ ምልክት ነው፤ ለአቂቃ የሚታረድ ግን ጉድለት ሊኖርበት አይገባም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እትዬ ኡሙሀኒ ግን ታውቃለች።

«መስታወት ሁለቴ የምታይ ልጅ ናት ይሉኛል» አሉ እናቷ።

«ቸኩዬ ነው፣ እናቴ።»

«አርባ አራት ዓመት ቆይተሽ ዛሬ ቸኮልሽ?»

ቀኑ ሊያልፍብን ነው። የምናድረው ቢሆን እንኳ እዚያ ሰፈር የስልኩ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ቅጹ ደግሞ የሚላከው በኢንተርኔት ነው። አጥሩ ላይ ተደግፈው ይሰሙ የነበሩት ጎረቤት፣ እትዬ ጁወይሪያ፣ በጉን በዓይናቸው ሲመዝኑ ቆይተዋል።

«ለእርድ ባይሆን ለእርባታ ይሆናል» አሉ። «ፍየሌን ውሰዱና እሱን ተዉልኝ። ካፖርቱን እኔ እሸልትለታለሁ።»

ወይዘሮ ታንጉ የፍየሉን ሁለት ጆሮ አይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሰባት ሰው አንበልጥም ነበር። ወይዘሮ ታንጉ ወደ ሸህ ዓብዱራህማን ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር አሉ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቢስሚላህ ብለው አረዱ፣ ከዚያ ስሙን ጮክ ብለው ተናገሩ፦ «ነጅዋ።»

እትዬ ኡሙሀኒ ቀስ ብላ ደገመችው። አባቷ አሰብ ድረስ ይነግዱ ነበር፤ ስሙን ሰምተው ያመጡት ከዚያ ነው አሉ እናትየዋ፣ ሳይጠየቁ።

ምሳ ሲቀርብ የእኔ ሳህን ለብቻው ምስር ወጥ ይዞ መጣ። «በጉን የጫንከው አንተ፣ ፍየሉን የማትቀምሰው አንተ» አሉኝ ወይዘሮ ታንጉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ድንጋይዋ ተመልሳ ትመጣለች?»

«በየአራት ዓመት ከምናምኑ።»

«እናያታለን?»

«በዓይን አትታይም፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ታንጉ እንጀራቸውን ጠቀለሉ። «ያቺንም ያየናት አምስት ቀን ነው» አሉ።

አመሻሽ ላይ አንኮበር ስንደርስ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ቅጹን ስልኳ ላይ ሞላን። በትርጉሙ ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር እሷ ነገረችኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፦ አልዩ አምባ ተወልዳ አምስት ቀን የኖረች የአግኚዋ እህት። ስሙ በላቲን አምስት ፊደል ሆነ።

«አስራ አንድ ተረፈን» አለች።

ላከው ብላ ስትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ፤ መልሳ ወሰደችው። ስልኩን ወደ መኪናው መስኮት አነሳችና በአንድ ዓይኗ ከላይ እስከ ታች አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ራሷ ላከችው።