ድንበሬን ዝምታ ያስተማርንበት ኅዳር

ልጅ ሳለሁ፣ ማሽላው ፍሬ ይዞ አንገቱን መድፋት በሚጀምርበት ወራት፣ የእኛ ቤት ሰው ከእራት በኋላ ቤቱ አይገኝም ነበር። መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከመንገዱ ወረድ ብላ ወንዙ ዳር ያለች ናት። ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮ እየተፈራረቁ እህሉን ስለሚጨርሱት፣ መግሪብ ተሰግዶ ያለው ከተቀመሰ በኋላ ከእናቴ ጋር ወደ ማሳው እንወርዳለን። እዚያ ከማማው ሥር አባ እንድሪስ እሳት አንድደው ይጠብቁናል። አባ እንድሪስ የአባቴ አጎት ናቸው፤ ጉልበታቸው እንቢ ቢላቸው እርሻውን ለአባቴ ትተው፣ የማሳውን ጥበቃና እኛን ልጆቹን የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ለትንኙ ብለው እሳቱ ላይ ኩበት ጣል ያደርጋሉ። ጭሱ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ እኛም ዓይናችንን እያሸን ከፍሙ ዙሪያ እንኮለኮልና ተረት እንጠብቃለን።

ተረታቸው ጥሩ ነው፤ ጠባያቸው ግን አይመችም። በመሃል «ከዚያስ?» ያለ ልጅ ካለ ተረቱ እዚያው ላይ ያድራል። አይቆጡም፣ አይሳደቡም፤ ዝም ብለው ፍሙን መቆስቆስ ይጀምራሉ። ስንቱ ጅብ፣ ስንቱ ጦጣ በእኔ ምላስ የተነሳ ወንዝ ሳይሻገር እንደቀረ የማውቀው እኔ ነኝ። ያኔ ክፋት ይመስለኝ ነበር።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጅቡንና የውሻውን ተረት ነው። ውሻ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ከጅብ ጋር ይኖር ነበር አሉ። ጅቡ ለአደን ሲወጣ ውሻው ኮሽ ባለ ቁጥር እየጮኸ አደኑን ያበላሽበታል። ጅቡ ይመታዋል፤ ውሻው ሲመታ ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ይጮኻል፤ እንዲህ እያሉ ሁለቱም በየሌሊቱ ጦማቸውን ያድራሉ። አንድ ቀን ውሻው ከጅቡ ኮብልሎ ሲሄድ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ያገኛል። አንዷ ልጅ «ና፣ ከእኔ ጋር ተደበቅ» ትለዋለች። ተደበቀ። ጅቡ ስሙን እየተጣራ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ውሻው ጨዋታው እንዳይበላሽበት ብሎ ትንፍሽ አላለም። አባ እንድሪስ እዚህ ላይ ሲደርሱ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑና በዓይናቸው ብቻ ይስቃሉ።

እኛም ውሻ ነበረን፤ ስሙ ድንበሬ ነው። ስሙን ያወጣለት አባቴ ሲሆን፣ ጊዜው ከጎረቤታችን ከጋሼ ማሞ ጋር በማሳ ወሰን የተቀያየሙበት ሰሞን ነበር። «ድንበሬ! ና ድንበሬ!» ብሎ በተጣራ ቁጥር ጋሼ ማሞ ማዶ ሆነው እንዲሰሙት ነው። እሳቸውም ይሰማሉ፣ ያጉረመርማሉ። ጋሼ ማሞ ቁጡ ክርስቲያን ገበሬ ነበሩ፤ ቢሆንም ለእኛ ደቦ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው የእሳቸው ማጭድ ነው።

ድንበሬ የማሳ ውሻ እንጂ የቤት ውሻ አልነበረም። እናቴ ደጃፏን አታስረግጠውም፤ «ምራቁ ነጃሳ ነው» እያለች አፉ የነካውን ዕቃ በአፈር እያሸች ደጋግማ ታጥባለች። አባ እንድሪስም በዚህ ነገር ጠንቃቃ ናቸው፤ ነገር ግን ውሻ ማጫወት ነፍሳቸው ነው። ሁለቱን ያስታረቁት በአንድ ረጅም ጠፍር ነበር። ደረቁ ጫፍ የእኛ፣ እርጥቡ ጫፍ የእሱ። ድንበሬ በአፉ ነክሶ ይጎትታል፣ እኛ በወዲያኛው እንጎትታለን፤ ካሸነፈ ጠፍሩን ይዞ ማሳውን እየዞረ ይኮራል። ከጨዋታ በፊት መዥገሩ ይለቀምለታል፣ የግራር እሾህ ገብቶበት እንደሆነ መዳፉ ይታያል፣ ውሃ በገል ይቀርብለታል። ጨዋታው የሚቆመው ደግሞ እሱ ገና «ጨምሩኝ» እያለ ሳለ ነው። ለምን እንደሆነ አባ እንድሪስ አይነግሩንም፤ እኛም በመጠየቃችን ተረት ስንት ጊዜ ስለጠፋብን አንጠይቅም።

በዚያ ዘመን ጣሊያን መንገዱን ይዟል። ሮቢት ላይ ወታደሩ ሰፍሯል፤ ባንዶቹም በየመንደሩ እየዞሩ ለአርበኛ ስንቅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ያነፈንፋሉ። አባቴ ከክረምቱ ጀምሮ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ገደሉ ወጥቶ ነበር። ጨረቃ በጠፋች ሰሞን፣ ልክ ሲጨላልም፣ የወንዙን አሸዋ ተከትለው ይመጡና ዱቄትና ቆሎ ይዘው ይመለሳሉ። የሚያስቸግራቸው ውሻ ነው። የአንዱ ውሻ ሲጮኽ የመንደሩ ሁሉ ይቀበለዋል፤ ጩኸቱም መንገዱ ላይ ካለው ጠባቂ ጆሮ ይደርሳል። ከእኛ በላይ ባለችው መንደር በዚሁ ምክንያት ባንዶች ደርሰው ቤት አቃጠሉ። እሳቱን ማማው ላይ ሆነን አየነው፤ ያን ዕለት ተረት የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨው የምትሸጥ ሴት ለእናቴ በሹክሹክታ አደረሰቻት። ጨረቃዋ ስትጠፋ እንመጣለን፣ በመንደሩ የውሻ ድምፅ እንዳንሰማ፣ የሚጮኽ ሁሉ ይወገድ የሚል ነበር። የላከው አባቴ ነው። ሌላው ሰው እንዳያመነታ «ከእኔው ጀምሩ» ብሏል።

እናቴ ያሰበችው ስለ ማሽላው ነው። ድንበሬ ከሌለ ማሽላው የከርከሮ ነው፤ ማሽላው ከሌለ ደግሞ እኛም አርበኞቹም የምንበላው የለም። እኔ ስለ ማሽላው አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ድንበሬ ነው፣ አለቀስኩም። ጋሼ ማሞ ቃሉ በደረሳቸው ዕለት የራሳቸውን ውሻ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱና ብቻቸውን ተመለሱ። አንዳንዱ ሰው የውሻውን አፍ በቃጫ አሰረ፤ የታሰረው ውሻ ሲያቃስት ያድራል፣ ማቃሰቱም ይሰማል። ሌላው በጮኸ ቁጥር በዱላ ይለው ጀመር፤ መንደሩ ከመቼውም የበለጠ በውሻ ጩኸት ተሞላ።

አባ እንድሪስ ያን ዕለት እያነከሱ ቤታችን ድረስ መጡ።

«ጨረቃዋ እስክትጠፋ ለእኔ ተዪልኝ» አሏት እናቴን። «ካልሆነ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ፤ ወላሂ።»

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«እናጫውተዋለን።»

እናቴ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ» አለች፤ ከልቧ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር።

ጨዋታው ያው ልጅ ሁሉ የሚጫወተው ኩኩሉ ነው። ፈላጊው «ኩኩሉ!» ይላል፤ የሚደበቀው ገና ከሆነ «አልነጋም!» ብሎ ይመልሳል፣ ሲዘጋጅ «ነጋ!» ይላል። እኔና ድንበሬ ከአገዳ ክምር ኋላ እንተኛለን፤ ጠፍሩ አፍንጫው ሥር ይዘረጋል፣ ደረቁን ጫፍ እኔ እይዛለሁ። «አልነጋም» እለዋለሁ በሹክሹክታ። የአክስቴ ልጆች እያደፈጡ ይመጣሉ። ድንበሬ ከጮኸ ጨዋታው አለቀ፤ ማንም አይመታውም፣ ማንም አይቆጣውም፣ ሁላችንም ጠፍራችንን ይዘን ጀርባችንን ሰጥተነው ወደ እሳቱ እንሄዳለን። ዝም ካለ «ነጋ!» ይባልና ጠፍሩ የእሱ ይሆናል፤ ጠፍር የነከሰ አፍ ደግሞ አይጮኽም። መጀመሪያ ላይ ልጅ ገና ከሩቅ ሲታየው ያበቃለት ነበር። ብቻውን ትተነው ስንሄድ ግራ ተጋብቶ ያየናል። በኋላ በኋላ ጆሮውን አቁሞ፣ አፈሩን በጭራው እየጠረገ፣ አፉን ገጥሞ መጠበቅ ለመደ። አባ እንድሪስ ተረቱን ለምን እንደሚያቋርጡብኝም ያኔ ገባኝ።

ነገር ግን የሚያውቃቸው ልጆች ሲመጡ ዝም ማለቱ ብቻውን አይጠቅምም። ድንበሬ ከሰው ሁሉ አብዝቶ የሚጮኸው በጋሼ ማሞ ላይ ነው። አባ እንድሪስ ሄደው ለመኗቸው። «ያን ድንበራችሁን ደግሞ እኔ ላጫውትላችሁ?» አሉ ጋሼ ማሞ፤ ይሳቁ ይቆጡ ሳይለይ ተከትለዋቸው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሲመሻሽ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በወንዙ በኩል እንደ ሌባ እየተሳቡ ይመጡልናል። በመጀመሪያው ምሽት ድንበሬ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸባቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ፤ በማግስቱ ተመልሰው መጡ፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ስለ ራሳቸው ውሻ አንድም ቀን አላነሱም። አንድ ምሽት ድንበሬ መሬት ላይ ተለጥፎ፣ በአጠገቡ ሲያልፉ ትንፍሽ ሳይል ቀረ። ጋሼ ማሞ ቆሙ፣ ጎንበስ ብለው አዩት፤ «ስሙን ግን ትቀይሩልኛላችሁ» አሉ።

ጨረቃዋ ጠፋች፤ ዝም አልል ያሉት የመንደሩ ውሾችም እስከዚያ ድረስ ወደ ወንዙ ወርደው ነበር። ማሳውን ያን ዕለት ጋሼ ማሞ ያዙልን። ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት እኔ ደጃችን ካለው የአገዳ ክምር ሥር ከድንበሬ ጋር ተኛሁ። እናቴ ኩራዙን በእንቅብ ከልላ ቤት ውስጥ ተቀመጠች፤ አባ እንድሪስም አጠገቧ ናቸው። ሰዎቹ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላም እንኳ ከውስጥ ሳይጠሩኝ «ነጋ» እንዳልል አስጠንቅቀውኛል። ድንበሬ ከጮኸ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም፤ ሲነጋ ወደ ወንዙ እንደሚወርድ ግን አውቅ ነበር።

ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ጆሮው ቆመ፣ የጀርባው ፀጉር ተነሳ። «አልነጋም» አልኩት። ቀጥሎ አሸዋው ሲንኮሻኮሽ ለእኔም ተሰማኝ። ሦስት ሰዎች አጥሩ ጋ ደረሱ፤ የፊተኛው አባቴ መሆኑን በአረማመዱ ለየሁት። ድንበሬም ሽታው ደርሶታል። ድሮ አባቴ ከገበያ ሲመለስ እስከ ወንዙ ሄዶ እየጮኸ የሚቀበለው እሱ ነበር። ጎኑ ክንዴን ስለሚነካ ጉሮሮው ድረስ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። «አልነጋም» አልኩ እንደገና፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ። አልጮኸም።

ሁለቱ ሰዎች ገቡ። አባቴ ግን በሩ ላይ ቆመ። ድንበሬ ድሮ ይቀበለው የነበረበትን የወንዙን መንገድ ዞሮ አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ገባ። በሩ ተዘጋ።

ግድግዳው ጭራሮ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። እናቴ ያላትን አቀረበች፤ ሰዎቹ እንደራበው ሰው ይበላሉ።

«ማን ወሰደው?» አለ አባቴ።

«ምኑን?»

«ውሻውን ነዋ። ማን ነው የወሰደው?» መልስ አልጠበቀም። «ቃሉን የላክኩ ጊዜ እኮ… ከእናንተ አንዱ እንኳ እንቢ ይለኛል ብዬ ነበር።»

ከዚያ አባቴ ሲያለቅስ ሰማሁ። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያም አልሰማሁትም። እኔ ግን ደስ አለኝ። ቃሉ ከመጣ ጀምሮ ቂም ይዤበት፣ ስሙን በጸሎቴ መጥራት ትቼ ነበር። ተነስቼ መጮኽ አማረኝ፤ ነገር ግን ከውስጥ የሚጠራኝ የለም። በመጨረሻ የተናገረችው እናቴ ናት፣ ያቺ ደጃፏን ውሻ የማታስረግጠው እናቴ።

«ዘሀራ፣ አስገቢው» ብላ ጠራችኝ።

ድንበሬ ጠፍሩን በአፉ እንደያዘ ገባ። አባቴ ጠመንጃውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ መሬት አስቀመጠና በሁለት እጁ አቀፈው፤ ውሻው ፊቱን ሁሉ ላሰው፣ «ተው» ያለው ሰው የለም። እናቴም ያን ምሽት አፈር ፍለጋ አልሄደችም።

ድንበሬ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በከርከሮው ላይ እየጮኸ፣ ለአርበኛው ዝም እያለ ኖረ። አባቴም በሰላም ተመልሶ ብዙ ዓመት አብሮን አረጀ። ሰው ሲጠይቀው ስለ ገደሉና ስለ ጥይቱ ያወራል፤ ያን ምሽት ግን አያነሳም፣ እኔም አንስቼበት አላውቅም። ከአባ እንድሪስ ተረቶች አብዛኞቹ ዛሬ ጠፍተውብኛል፤ ጅቡ የት እንደደረሰ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። የአባቴ ቃል ግን ከጭራሮው ወዲያ እንደሰማሁት አለ። እኔም ወልጄ ሳሳድግ፣ ቤት ለማቆም ብዬ ለልጆቼ የከበደ ነገር ያዘዝኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ካዘዝኩ በኋላ በሩ ላይ ቆሜ፣ ከእነሱ አንዱ እንኳ እንቢ እንዲለኝ እየተመኘሁ እጠብቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ታዘዙኝ።