አስረስ ራዲዮኑን «ቤንቶራ» ይለው ነበር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ ሳልነግራት ሞተች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በንዴት መሳደቤን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰርና «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ አለ። እናንተ የምታነቡት ለዛሬ ንስሐ አባቴ ሁኑልኝና ስሙኝ። እኔ በቅናት ሰው አሳስሬአለሁ። ያሳሰርሁት ጠላቴን አልነበረም፤ ሊያገባ ሲል ሚዜ ሁነኝ ብሎ የመረጠኝን ወዳጄን ነው። ያሳሰርሁትም በአንዲት ፊደል ነው።

የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመቱ ጎንደር አራዳ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ከዚያ በፊት ለሥልጠና አዲስ አበባ ልከውኝ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ስመለስ አፌን ቀይሬ መጣሁ። «ሄድሁ» ማለት ትቼ «ሄድኩ»፣ «ምነው» ማለት ትቼ «ለምን»፣ «ሸጋ» ማለት ትቼ «ቆንጆ» ማለት ጀመርሁ። እናቴ «ቦስታ ቤት ሂድልኝ» ስትለኝ፣ «ፖስታ በይ እንጂ እማዬ» እያልሁ አርማት ነበር። «እሽ፣ እንዳልህ» ትለኝና በማግስቱ ያው «ቦስታ» ትላለች። አፍርባት ነበር። ይህንም ከኃጢአቴ ጋር ቁጠሩልኝ።

የዚያን ጊዜ ፍቅሬ ራዲዮ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ታፈረ ዘንድ እንሰበሰባለን። አያ ታፈረ ራዲዮ መጠገን ከጣሊያን የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠባቧ ሱቃቸው አራዳ ውስጥ ነበረች። ጣራዋ ላይ ሽቦ ዘርግተን፣ ቁልፉን በቀስታ እያዞርን፣ የማናውቀውን አገር ዘፈን በማናውቀው ቋንቋ እንሰማለን። ከዘፈኑ ይልቅ ግን የሚያከራክረን የራዲዮኖቹ ስም ነበር። አንዱን ስም አያ ታፈረ እንደ ጣሊያን ያዜሙታል፤ ከአዘዞ ጦር ሰፈር የሚመጣው ሾፌር ሌላ ይለዋል፤ ከጭልጋ የመጣው ነጋዴ ደግሞ ሌላ። ክርክሩ ሲጦፍ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። ዳኛው እኔ ነበርሁ። እንግሊዝኛ የማውቅ፣ አዲስ አበባን ያየሁ እኔ። «ልክ እሱ እንዳለው ነው» ሲባል ደረቴ ይነፋ ነበር።

አያ ታፈረ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ናት። ከየወረዳው የሚደውለውን ሰው ስታገናኝ ስለምትውል ጆሮዋ ወንፊት ነበር፤ ሰው «ሃሎ» ሲል ብቻ ሰምታ «ይህስ የደባርቅ ነው፣ ይህች የደብረ ታቦር ናት» ትላለች። እሑድ ለአባቷ ምሳ ስታመጣ አያታለሁ። ሽማግሌ ልላክ፣ አልላክ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል ከረምሁ። አንድ ቀን «እኔስ ከየት ነኝ?» አልኋት። «አንተማ ከየት እንደሆንህ አይታወቅም» አለችኝ። ያኔ ምስጋና መስሎኝ ሳምንቱን ሁሉ በደስታ ሰነበትሁ።

አስረስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የዳባት ደገኛ ነው፤ መጀመሪያ ቆሎ ትምህርት ቤት ዜማ የተማረ፣ ኋላ አስኳላ ገብቶ መምህር የሆነ፣ ወደ ጎንደር በቅርቡ የተዛወረ። ራዲዮኑን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። አጎቱ ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ሲመለስ ያመጣለት ነው።

«አያ ታፈረ፣ ቤንቶራዬ ድምጿ ተዘጋ» አላቸው።

እኔ የራዲዮኑ ፊት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም አየሁና ሳቅሁ። «ቤንቶራ አይደለም፤ ፔንቶራ ነው። ፔ በል።»

«ቤ» አለ።

«ፔ።»

ትንሽ አሰበና «ጴ? እንደ ጴጥሮስ?» አለኝ። «እሽ፣ ጴንቶራ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ምነው ሳቃችሁ?» አለ፣ እሱም እየሳቀ። «እኛ አገር ሸጋ ሸጋው ሁሉ በጴ ነው፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጳጳሱም።»

ትርንጎ የምሳውን ሰሐን እንደያዘች በሩን ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ያን ያህል ጊዜ ስመላለስ እንዲያ አስቄአት አላውቅም ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ቅናቴ የገባው በዚያች ሰዓት ነው። በሌላ ሰዓት የሚመስለኝ ጊዜ ነበር፤ ራሴን ስዋሽ ነው።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሁሉም ሰው «ጴንቶራ» ማለት ጀመረ። አያ ታፈረ አሉ፣ ሾፌሩ አለ፣ ነጋዴው አለ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ትክክሉን የምናገረው እኔ ነኝ፤ ማንም ግን እኔን አልተከተለም። አስረስ ሲያስታውስ «ጴንቶራ»፣ ሲረሳ «ቤንቶራ» ይላል፤ ሁለቱንም ይወዱለታል። ትርንጎ ደግሞ ምሳውን አስቀምጣ መሄድ ትታ ቁጭ ማለት ጀመረች። «እስቲ ፖሊስ በል» ትለዋለች። «ቦሊስ» ይላል። ትስቃለች። እኔ ከጎን ተቀምጬ የራዲዮኑን ቁልፍ አዞራለሁ፤ ጣቢያ እየፈለግሁ አልነበረም፤ ሳቋን በጩኸቱ ልሸፍን ነው።

ልንገራችሁ፣ ምን ያህል እንደወረድሁ። ቤቴ በሬን ዘግቼ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ፣ «ጴንቶራ» እያልሁ ተለማመድሁ። እንደ እሱ ሊያምርልኝ ፈልጌ። እሑድ ሄጄ ሱቁ ውስጥ አልሁት። ማንም አልሳቀም። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ደግሞ ምነው ትቀልድበታለህ?» አለችኝ። ያን ቀን አስረስን ጠላሁት።

እሱ ግን ይወደኝ ነበር። «አንተ አዋቂ ነህ፣ የእንግሊዙን አፍ አስተምረኝ» እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ይመጣል። ከዳባት ማር ቢመጣለት ከኔ ጋር ይካፈላል። አስተማርሁት። እያስተማርሁት አፉን አይ ነበር። ምን አለው ይህ አፍ? እያልሁ። ምን አለው እኔ የሌለኝ? እኔ ከአፌ ጠርጌ የጣልሁት ነገር ሁሉ እሱ አፍ ላይ ነበር፤ የጣልሁትን አንስቶ የሚከብርበት መሰለኝ። የገዛ ዕቃዬን የሰረቀኝ ያህል ቀናሁበት።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ አያ ታፈረ መንገድ ላይ አቆሙኝ። «የአስረስ ሽማግሎች መጥተው ነበር» አሉኝ። «ልጅቱም ፈቅዳለች። ሚዜዬ አንተ ነህ ብሎኛል፤ ሳይነግርህ አልቀረም።»

«እንኳን ደስ ያለዎ» አልሁና እጃቸውን ጨበጥሁ። ከዚያ ወዴት እንደሄድሁ አላስታውስም።

ዘመኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በመተማና በሁመራ በኩል ከሱዳን የሚነሡ ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ እርስ በርሱ ይጠራጠራል። ከሱዳን ጋር ስሙ የተነካ ሰው አለቀለት ማለት ነው። እኔ በእጅ ጽሑፌ ማማር የተነሣ ለቀበሌው ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከስብሰባ በኋላ ሊቀ መንበሩና እኔ ብቻ ቀረን። ሊቀ መንበሩ ከሩቅ አገር ተዛውሮ የመጣ ነው፤ የጎንደርን ባላገር አነጋገር አያውቅም።

«ራዲዮ ወዳዶች ናችሁ አሉ» አለኝ ሲጋራውን እየለኮሰ። «ምን ትሰማላችሁ?»

«ዘፈን ነው» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። በቃ፤ ነገሩ አልቆ ነበር። ስለ አስረስ አልጠየቀኝም፤ ስሙንም አያውቀውም። እኔ ነኝ የቀጠልሁት። እኔ ነኝ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አልሁ።

«ምን?»

«አስረስ የሚባል መምህር አለ። ራዲዮኑን ፔንቶራ አይለውም። ቤንቶራ ነው የሚለው።»

«ታዲያስ?»

«ዐረብ ፔ አይወጣለትም፤ ቤ ነው የሚለው። ሱዳን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ራዲዮ እንዲያ ነው የሚጠራው። ከማን አፍ እንደተማረው እንጃ። ራዲዮኑም የመጣው በሁመራ በኩል ነው።»

ሊቀ መንበሩ የሰበሰበውን ወረቀት መልሶ ዘረጋና ስሙን ጻፈ። ከዚያ «ጥሩ ጆሮ አለህ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ።

አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። የበጌምድር ባላገር ግማሹ «ቦሊስ» እንደሚል፣ እናቴ «ቦስታ» እንደምትል፣ እኔ ራሴ አዲስ አበባ እስክሄድ ድረስ እንዲያው ስል እንዳደግሁ አውቅ ነበር። አስረስ ሱዳንን በዓይኑም አላየ። ያወራሁት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆን ውሸት ሆነ። እንዲያ አድርጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የሚሆነውን እያወቅሁ።

አስረስን ከክፍል ጠርተው ወሰዱት። ራዲዮኑንም ወሰዱ። ክረምቱን ሁሉ ታሰረ። ትርንጎ ስንቅ ስታመላልስ እኔ አብሬአት እሄድ ነበር። ዝናብ ሲሆን ጥላ እይዝላታለሁ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አጽናናታለሁ። ሰዎች ሲያዩን «ይህ ነው ጓደኛ» ይሉ ነበር። እና እኔ በልቤ ምን እል ነበር? ባይወጣስ? እል ነበር። ጥላውን እንደያዝሁ፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ፣ ባይወጣስ?

መስቀል ሲቃረብ ተፈታ። ምንም አላገኙበትም። የቀኝ ጆሮው ግን በጥፊ ብዛት ደንቁሮ ነበር፤ ሰው ሲያናግረው ግራውን ያዞራል። አያ ታፈረ ሱቅ ሲመጣ ሁላችንም ተነሣን። ግራ ጆሮውን ወደ እኛ አዙሮ ተቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«አንዲት ቃል ነው ያስጠሩኝ። በል ራዲዮኑን ጥራው ይሉኛል፤ እጠራለሁ፤ ይመቱኛል። ስለምን እንደሚመቱኝ እንኳ የገባኝ ኋላ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩን ገጠመና ቀስ ብሎ «ፔንቶራ» አለ። እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አድርጎ። «አሁን ልክ ነው?» አለኝ።

«ልክ ነው» አልሁት።

ትርንጎ የያዘችውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ አስረስ ቃል ሳይመርጥ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሸጋ ማለትም ተወ። እሑድ እሑድ መምጣቱንም ተወ፤ በአንድ ጆሮ ሩቅ ጣቢያ አይለይም። የምቀናበት ነገር ስላልቀረ ቅናቴም ለቀቀኝ። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ተጋቡ። ሚዜው እኔ ነበርሁ። ኑሯቸውን አዘዞ አደረጉ፤ ልጆች ወለዱ፤ ልጆቹ አጎቴ ይሉኛል። አስረስ ዕድሜውን ሁሉ «ክረምቱን ሙሉ ስንቅ ያመላለሰልኝ እሱ ነው» እያለ በየሰው ፊት ያመሰግነኝ ነበር። አንድም ቀን «ተው» አላልሁትም። አምና ሲሞት እጄን ይዞ ነበር፤ ያኔም አልነገርሁትም። ሊሞት ያለውን ሰው ላለማስጨነቅ ነው አልሁ። ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው።

ዘመኑ ነው፣ ደርግ ነው እያልሁ ራሴን ስንት ጊዜ አባበልሁ። ዘመኑ ግን እኔን አልጠየቀኝም። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ሰብስቦ ሊሄድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ትርንጎ ደወለችልኝ። ሙት ዓመቱ እሑድ ነው። «ስለ እሱ ጥቂት ተናገርልን፤ ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችኝ። እሽ አልኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለሕዝብ የምለው አንድም ቃል አላገኘሁም።

ቅዳሜ አዘዞ ሄጄ ልጆቹ ባሉበት እነግራታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ እንዲያ ካልኋት መልስ ጠየቅኋት ማለት ነው፤ እሷ ለእኔ መልስ የመስጠት ዕዳ የለባትም። ያደረግሁትን ብቻ ነግሬ ዝም እላለሁ። እሑድ ማን እንደሚናገር እነሱ ይወስኑ።