ጋሼ፣ ውሻውን ልፍታው?

ትኩስ አርማታ ላይ ውሃ ሲረጭ የሚነሳ ሽታ አለ፤ ዝናብ የነካው አፈር አይደለም፣ ጠመኔም አይደለም፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ወስዶ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። በምሠራበት ትምህርት ቤት ጓሮ አዲስ የመማሪያ ክፍሎች እየተሠሩ ስለሆነ፣ በዚህ ሰሞን የቤተ መጻሕፍቱን መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ይኸው ሽታ ገብቶ መደርደሪያዎቹ መሃል ይቆማል። ባልደረቦቼን የሚያስቸግራቸው አቧራው ነው። እኔን ሽታው ያናድደኛል። ናፍቆት ነው ብዬ ላሳምረው አልሞክርም፤ ንዴት ነው።

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግድግዳው ገና ያልተለሰነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ግቢ ውስጥ ገባን። ቤቱ የእኛ አልነበረም፤ አባቴ ዘበኛው ነበር። ባለቤቱ አቶ ደምሴ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ሲሞላላቸው ሠራተኛ እያስገቡ፣ ሲጎድልባቸው እያቆሙ፣ ያንን ቤት ዓመታት ጎተቱት። አባቴ፣ እናቴ፣ በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ሰለሞንና እኔ ከኋላ ባለችው የሰርቪስ ክፍል እንኖር ነበር። አቶ ደምሴ አባቴን የቀጠሩት ሌሊትም ቀንም እንዲጠብቅ ነበር፤ ደመወዙ ግን ለሌሊቱም የሚበቃ ስላልነበረ፣ አባቴ እሳቸውን ሳያስፈቅድ ጠዋት ጠዋት የቀን ሥራ ይወጣ ነበር። እናቴ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ጠጠር ትሸከማለች፣ ሰለሞን ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ግቢው ውስጥ የምቀረው እኔ ነኝ።

ለምን እንደምቀር ጠይቄያለሁ። «መንገዱ ያሰጋል፤ ለአንቺው ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። እውነቱን ነው፣ መንገዱ ያሰጋ ነበር፤ የአሸዋ መኪናዎቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬን የላቸውም ይባል ነበር፣ ወንዙ ላይ ድልድይ ተብሎ የተጋደመው ሁለት ግንድ ነበር። ሰለሞን በዚያው ግንድ ላይ እየዘለለ ሲሻገር ግን ለእሱ ያሰጋል ያለ ሰው አልሰማሁም።

በበጋ ጠዋቴ የሚጀምረው በውሃ ነበር። ሶሌታው፣ ማለት የፎቁ ወለል፣ በአርማታ ተሞልቶ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ አርማታው እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት ስለነበረበት፣ ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዳሁ፣ መደገፊያ በሌለው ደረጃ ወጥቼ፣ ከዳር እስከ ዳር እረጨው ነበር። ያ ዳሩ ያልታጠረ ፎቅ ለእኔ አያሰጋም ነበር። የሚያሰጋው መንገዱ ነው።

አባቴ ሥራውን የሚያውቅ ዘበኛ ነበር። ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ለሌባ ምን እንደሚነግረው ስለሚያውቅ፣ የግቢው በር ላይ ባለችው ክብ ቀዳዳ እጁን አሾልኮ ከውስጥ በኩል ይቆልፈውና፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይሄድ ነበር፤ ከውጭ ለሚያይ፣ ሰው ያለበት ግቢ ይመስላል። ከዚያም በላይ አንድ ነገር አስተማረኝ። በሩ ከተንኳኳ እንዳልከፍት፣ ዝምም እንዳልል፣ ወደ ቤቱ ዞሬ ጮክ ብዬ «ጋሼ፣ ውሻውን ልፍታው?» እንድል አስጠናኝ። ውሻ አልነበረንም። ጋሼም አልነበረም። «እንደ እውነት አድርገሽ በይው» እያለ፣ እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ እያንኳኳ፣ ድምፄ እስኪሞላለት ደጋግሞ አለማመደኝ፤ ሲሞላለት ከውጭ ሆኖ ሲስቅ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

በልግ መጥቶ ሄደ፣ ክረምት ገባ፤ በክረምት ሥራ ስለሚቆምና ሰለሞን እቤት ስለሚውል ግቢው ሁለታችንንም ይይዘን ነበር። ሰለሞን ፊደል ያስቆጠረኝ ያኔ ነው፤ መምህሩን እየመሰለ፣ የሽቦ ቁራጭ ይዞ፣ ያልተለሰነው ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያግዘኝ የክፍላችንን ግድግዳ ማንበብ ጀመርኩ። እናቴ ብርድ እንዳይገባ በአሮጌ ጋዜጣ ለጥፋው ነበር፤ እሷ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ነበርና፣ እሱን ለማንበብ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ራሴን ወደ ታች እሰቅል ነበር። ዛሬም መጽሐፍ ተገልብጦ መደርደሪያ ላይ ካየሁ ሳላስተካክል አላልፍም። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ጋሼን አነጋግረው ነበር። «ጋሼ፣ ቆሎውን ልጀምር?»፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የቱን ገጽ ልድገም?» እለዋለሁ። አንድም ቀን ለአንቺው ነው ብሎኝ አያውቅም።

መስከረም ሲጠባ ምዝገባ ይደርሳል፤ እናቴ የሰለሞንን ደብተር በካኪ ስትሸፍን አጠገቧ ተቀምጬ ወረቀቱን እይዝላት ነበር። «እሷስ?» ትላለች አባቴን ቀና ብላ ሳታየው። «ለከርሞ» ይላል። ሦስት መስከረም «ለከርሞ» አለ።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ረፋዱን በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አልኩ።

«ከአቶ ደምሴ ተልከን ነው፣ ክፈቺ።»

ወደ ቤቱ ዞሬ፣ እንደተማርኩት፣ ድምፄን ሞልቼ «ጋሼ፣ ውሻውን ልፍታው?» አልኩ።

ከውጭ አንደኛው «ፍቺው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» አለ፤ ሌላኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ጋሼንም አብረሽ ፍቺው!» ሲል ሰማሁት። ስንት ቀን ሲያዳምጡኝ እንደከረሙ አላውቅም። አጥሩን ዘለው ገቡ። ሁለት ነበሩ፤ ኮፍያ ያደረገው በብረት ጓጉንቸሩን ሰብሮ በሩን ከፈተ፣ ቀጭኑ ወደ እኔ መጥቶ «አይዞሽ፣ ማንም አይነካሽም፤ እዚህ ብሎኬት ላይ ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ለቤቱ ሥራ የተከማቸውን ጥቅል ብረት፣ ፌሮውን፣ እያንከባለሉ ወደ ውጭ ማውጣት ጀመሩ። ቀጭኑ አንዱን አድርሶ ሲመለስ፣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ፊቴ ቆም አለ።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«እኔ አልማርም።»

«ለምን?»

«መንገዱ ያሰጋል።»

ወደ ጓደኛው ዞረ። «ሰማሃት? መንገዱ ያሰጋል!» አለው፤ ግን አልሳቀም። ራሱን ነቅንቆ ሁለተኛውን ጥቅል ለማንሳት ሄደ። በዚያ ግቢ በኖርኩባቸው ዓመታት ለምን እንደማልማር የጠየቀኝ ሰው ሌባው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ አባቴ መጥቶ የተሰበረውን ጓጉንቸር ሲያይ፣ እኔ አሁንም ብሎኬቱ ላይ ነበርኩ። አየኝ። አይቶኝ አለፈና ወደ ፌሮው ማስቀመጫ ሮጠ። እግሩ መጀመሪያ ወዴት እንደዞረ አይቻለሁ። ፌሮው ከጠፋ አቶ ደምሴ እንደሚያባርሩን፣ አራታችንም ሜዳ ላይ እንደምንወድቅ ዛሬ ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን ተውኩት ማለት አይደለም። እናቴ ስትመጣ አቧራ በለበሰ እጇ ክንዴን፣ እግሬን፣ አንገቴን ዳበሰችና፣ እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋበት የማታውቀውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«ልጄን ውሻ አደረግሃት!»

«ታዲያ የት ላድርጋት?» አለ አባቴ። የሚያሳዝነው፣ ከልቡ ነበር የጠየቀው።

በማግስቱ አቶ ደምሴ መጡ። ግቢውን ዞረው፣ የተረፈውን ፌሮ አይተው፣ በመጨረሻ እኔን ተመለከቱና «ይቺ ልጅ ለምን አልጮኸችም?» ብለው አባቴን ጠየቁት። አባቴ ቀን ቀን እንደማይውል ያወቁት ያን ዕለት ነው፤ ተቆጡ፣ አስፈራሩ፣ ግን በዚያ ደመወዝ ሌላ ሰው እንደማያገኙ ስለሚያውቁ አላባረሩትም። «በሉ፣ ውሻ እልክላችኋለሁ» ብለው ሄዱ።

ውሻው ሰኔ መጨረሻ ላይ መጣ። ጥቁር፣ ጆሮው የተቆረጠ፣ ጃክ የሚሉት ውሻ ነበር። ያን ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጃክ በሰንሰለቱ ልክ እየዞረ ይጮህ ነበር፣ እኔም በሩ ላይ ያለችውን ክብ ቀዳዳ እያየሁ አዳምጠው ነበር። መስከረም ላይ እናቴ ደብተር መሸፈን ስትጀምር ሳትጠይቀው አባቴ ራሱ ተናገረ።

«አሁንማ ውሻ አለ፤ ትማር።»

መንገዱ ያው ነበር። የአሸዋ መኪናዎቹ ያው፣ ወንዙ ያው፣ ድልድይ የተባሉት ሁለት ግንዶች ያው፤ እንዲያውም አንደኛው በክረምቱ ጎርፍ ላልቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እሱን ስሻገር፣ በአንድ ጊዜ ገባኝና መሃል ላይ ቆምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የምጠበቅ መስሎኝ ነበር። ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ምትክ ስለተገኘልኝ ተለቀቅሁ።

አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ስር አልገባ ብሎ በጎን እቀመጥ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሕፃናት «እማማ» ይሉኝ ነበር፣ «እማማ፣ እርሳስ ቅረጪልኝ»። ቀረጽኩላቸው። የሁለተኛ ደረጃውን በማታ፣ ቀን እየሠራሁ ጨረስኩ፤ እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ ዲፕሎማዬን ያዝኩ ብል ማጋነን ይሆናል፣ ግን ብዙም አልራቅሁም።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ማታ ማታ ተነስቶ በሩ መቆለፉን ሁለት ጊዜ ያረጋግጣል። አንድ ቀን ስለዚያ ግንቦት አንስቼበት፣ «ጠብቄሽ ነበር እኮ» አለኝ። ሊዋሸኝ አልነበረም። እንዲህ ያምናል፤ የሚያናድደኝም ማመኑ ነው።

ዘንድሮ የትምህርት መስክ መምረጫው ቅጽ ሲሰጥ፣ ተማሪዎቹ ስለ ሙያ የሚያነቡት እኔ ጋ ስለሆነ፣ ቅጹን የማሰባሰቡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ቤተልሔም የምትባል፣ ሒሳብ የምትወድ፣ የመሬት ቀያሽ ለመሆን ከዓመት በፊት የወሰነች ልጅ አለች። አባቷ ፉሪ ብሎኬት የሚያመርቱ ሰው ናቸው፤ ቅጿን ሞልተው ራሳቸው ይዘውት መጡ። «ሒሳብ አያያዝ» ይላል፣ በእሳቸው ጽሕፈት፣ ቤታቸው አጠገብ ያለ ኮሌጅ።

«መምህርት፣ ቅየሳ ማለት እኮ በረሃ ለበረሃ መንከራተት ነው» አሉኝ በትሕትና። «ሴት ልጅ ናት። ለእሷው ብዬ ነው።»

«ከትምህርት ስትወጣ የት ነው የምትውለው?»

«ማምረቻው ጋ ናት፣ ምን ትሆናለች! እኔ ብሎኬት ላደርስ ስወጣ እሷ ቁጭ ትላለች።»

«ብቻዋን?»

«በሩ ይዘጋል እኮ።»

«ጋሼ» አልኳቸው፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ማን ማንን እየጠበቀ ነው ታዲያ?»

የምናገረው ሁልጊዜ ዝቅ ብዬ ነው፤ ያን ቀን ግን የሚያነቡት ተማሪዎች ሁሉ ቀና አሉ። ሰውዬው ቅጹን ከጠረጴዛዬ አንስተው፣ አጥፈው፣ ደህና ዋሉ ሳይሉ ወጡ።

ዓርብ ዕለት ቤተልሔም አዲስ ቅጽ ይዛ መጣች። ጽሕፈቱ የእሷ ነው፣ «ቅየሳ» ይላል፣ ከስሩ የአባቷ ፊርማ አለ።

«አባትሽ ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ምንም አላለኝ።» ሳቅ አለች። «ዘበኛ ቀጠረ።»

አብሬያት መሳቅ ነበረብኝ። ቅጹን ተቀብዬ፣ ከሌሎቹ ጋር አስተካክዬ ደርድሬ፣ መስኮቱን ዘጋሁ።

ያ የአቶ ደምሴ ቤት አልቆ ቀለም ተቀብቷል። ወደ ሥራ ስመጣ በታክሲ መስኮት አየዋለሁ፤ ደረጃው መደገፊያ አለው፣ ወንዙ ላይ እውነተኛ ድልድይ ተሠርቷል፣ ወደ ትምህርት ቤት ከሚሻገሩት ልጆች ውስጥ ሴቶቹን እቆጥራለሁ፤ ብዙ ናቸው፣ ያኔ ከነበሩት እጅግ ብዙ። የግቢው በር ላይ በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ ታክሲው እዚያ ጋ ሰው ሊያወርድ በቆመ ቁጥር መጽሐፌን አጥፌ፣ ከበሩ ጀርባ የልጅ ድምፅ እንዳለ አዳምጣለሁ።