ያልሰረቅሁት ድርሰት

ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰበታ በሚገኘው የልጅነት ትምህርት ቤቴ፣ መምህር ጌታሁን በጡረታ ተሰናበቱ። እኔም አዳራሹ ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።

ጥሪው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ግሩፕ ላይ፣ በጽጌረዳ ሥዕል ታጅቦ፣ «የእውቀት አባታችንን በክብር እንሸኝ» ይላል። ቡራዩ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋዜጠኛ ነኝ፤ በሥራዬ መጠበቅ ልማዴ ነው፤ ኮዬ ፈጬ የቤት ቁልፍ ርክክብ አለ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜአለሁ፣ ሱሉልታ አንድ አሰልጣኝ እስኪያናግረኝ ሦስት ጠዋት ብርዱ ላይ ተመላልሻለሁ። ይህን ሰው ግን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የጠበቅኋቸው። «እመጣለሁ» ብዬ መለስኩ፤ ንግግር ከሚያደርጉት ጋርም ስሜን አስመዘገብኩ። ከዚያ እንደማንኛውም ዘገባ አጣራሁ፤ ሁለት የክፍሌን ልጆች ለየብቻ ደውዬ የሚያስታውሱትን ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነገሩኝ።

ፕሮግራሙ ሳይጀመር የድሮ ክፍላችንን በር ገፋ አድርጌ ገባሁ። የጠመኔው ብናኝ፣ የእርጥቡ አግዳሚ ወንበር፣ የልጆች ላብ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት መሆኔ ቀረና ሰኞ ጠዋት ሆነ፤ ከሰልና ቅጠል ቀጥቅጠን ጥቁር ሰሌዳውን የምናጠቁርበት፣ ከሰሌዳው ይልቅ እኛ እስከ ክርናችን ጠቁረን የምንወጣበት፣ ዘበኛው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታው ከባሕር ዛፉ አጥር ላይ ወፎቹ በሙሉ ብር ብለው የሚነሡበት ሰኞ።

ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ነው። አማርኛን የሰጠኝ ትምህርት ቤቱ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የሰጡኝ መምህር ጌታሁን ናቸው። ያኔ ገና ወጣት ነበሩ፤ መጽሐፍ ሲያነቡልን ድምፃቸው ከፍ ዝቅ እያለ፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ እንኳ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ስለነበር፣ በመስኮት የሚያልፍ ገበያተኛ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። እወዳቸው ነበር። ይህን የምጽፈው ለይቅርታ መንገድ ልጠርግ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ማታ ማታ የተማርኩትን ለአባቴ እነግራቸዋለሁ። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ በሬዎቹን ከቀንበር እየፈቱ «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ይሉኛል፣ እኔም እነግራቸዋለሁ፣ የዓባይን ገባሮች በሙሉ በዚህ መንገድ በቃላቸው ያዙ፤ አንዳንዴ እኔ ስረሳ እሳቸው ይሞሉልኝ ነበር። አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግቡኝ የወሰዱኝ ቀን ግን፣ የዚያን ጊዜ ወላጅ ሁሉ የሚለውን ብለዋል፦ «ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ፤ ሌላው የእርስዎ ነው።» ይህ ለልጅ ከማሰብ የሚባል ነገር ነበር።

አምስተኛ ክፍል፣ «ክረምት በሰፈሬ» የሚል ድርሰት ታዘዝን። አራት ቀን ሠራሁት። የሞላ ወንዝ የጎረቤታችንን በሬ የወሰደበትን ቀን ነበር የጻፍኩት፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፦ «በሬው እንደሚሰናበት እንግዳ አንገቱን እየነቀነቀ ሄደ።» መምህር ጌታሁን ክፍሉ ፊት ጮክ ብለው አነበቡት፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ በድምፃቸው ላይ ስንሳፈፍ የበሬው ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሱ፣ እዚያው አቆሙ።

«ቤታችሁ ምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?»

«ኦሮምኛ፣ መምህር።»

«አባትሽ ምንድን ናቸው?»

«ገበሬ።»

«ታዲያ ይህን ከየት ነው የገለበጥሽው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ነገ ወላጅ አምጪ።»

ወላጅ አምጪ የተባለ ልጅ ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወላጁን ማምጣት ወይም ወላጅ መፈለግ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። አስፋልቱ ዳር ጋሪ የሚነዱትን ኦቦ ደቻሳን ለመንኳቸው፤ በምላሹም ሳምንት ሙሉ ለፈረሳቸው ሣር አጭዳለሁ አልኩ።

«አባት ልሁንሽ?» ብለው ሳቁ። «ሚስቴ ከሰማች ሌላ ጎጆ አለህ ብላ ታባርረኛለች፣ ኢንታላኮ፣ ልጄ!» ግን መጡ፤ ንጹሕ ቡልኮ ተውሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከአባቴ የበለጠ አባት መስለው። መምህር ጌታሁን ክሱን ሲያሰሙ ኦቦ ደቻሳ አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙና፣ ማንም ያላሰበውን ነገር ተናገሩ።

«መምህር፣ ምን ያጨቃጭቀናል? እዚህ ያስቀምጧትና እርስዎ እያዩ ሌላ ያስጽፏት። ከጻፈች ጻፈች፤ ካልጻፈች እኔው ራሴ እገርፋታለሁ።»

በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ማጣራት ይህ ነበር፤ ሳይፈጸም ቀረ። ደጅ በኩል የዘበኛው ድምፅ መጣ፦ «አንተ ደቻሳ! ፈረስህ የመምህራኑን ጎመን ጨረሰው!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ጌታሁን ኦቦ ደቻሳን ትኩር ብለው አዩአቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከአስፋልቱ ይዟቸው የሚመጣውን ጋሪ ነጂ ያለ ጅራፉ ማወቅ አቅቷቸው ነበር። ሰበታ ያኔ የማይተዋወቅ ሰው የሌለባት ከተማ መሆኗን ከእኔና ከኦቦ ደቻሳ በቀር የዘነጋ አልነበረም።

በማግስቱ እውነተኛው አባቴ ተጠሩ። ሰንደቅ ዓላማው እየተሰቀለ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰልፎ፣ እኔ ጠጠር ላይ ተንበርክኬ፣ ጀርባዬ ላይ «ድርሰት ሌባ» የሚል ወረቀት ተለጥፎብኝ ነበር። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለመምህሩ እጅ ነሡ፣ ልምጩን ከመምህሩ እጅ ተቀበሉ። ከዚያ በፊት መትተውኝ አያውቁም። አምስት ጊዜ መቱኝ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ልጆቹ እንደ መገልበጫው ወረቀት «ካርቦን» አሉኝ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ካርቦን ነበርኩ። እኔ ደግሞ መጥፎ መጻፍ ተማርኩ። «ክረምት ዝናብ አለ። ዝናቡ ብዙ ነው። ጭቃ አለ።» መምህር ጌታሁን ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ፤ አሁን የራስሽ ነው» ብለው ጻፉበት። ያን ወረቀት አልቀደድኩትም። አንድ ቀን እንደሚመለስ ቂም አስቀመጥኩት።

አዳራሹ ውስጥ ፊኛ ተሰቅሏል፣ ለስላሳ ታድሏል፣ በፍሬም የተሠራ ፎቶግራፋቸው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ «ቀጥተው ሰው አደረጉን» አሉ፣ ተጨበጨበላቸው። ተራዬ ሲደርስ ድምፄን ሳልለውጥ፣ የትኛው ክፍል፣ ምን እንደጻፍኩ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታሁ ተናገርኩ፤ ቅጽል አልጨመርኩም። ጠረጴዛው ኋላ የመምህር ጌታሁን ግንባር በላብ ሲያብለጨልጭ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ያን ደስታ ለመደበቅ አልሞከርኩም።

የመድረክ መሪው ማይኩን ቀማኝ። «እንግዲህ የልጅነት ጨዋታ አይረሳም!» አለና ብቻውን ሳቀ።

«ተወው» አሉ መምህር ጌታሁን። ተነሡ። «ጨዋታ አይደለም። ትዝ ይለኛል። ፈረሱም ትዝ ይለኛል።» ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ልጆች፣ ቤተ መጻሕፍታችን ያኔ አንድ ቁም ሣጥን ነበር። ያን ሳምንት ከየት እንደገለበጠችው ላገኝ ቁም ሣጥኑን በሙሉ አገላበጥኩ። የለም። የራሷ እንደሆነ ገባኝ።»

«ገብቶዎት ነው ‘አሁን የራስሽ ነው’ ብለው የጻፉልኝ?»

«አዎ። ሰው ፊት የተናገርኩትን መመለስ አልሆነልኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ይቅርታውን አልሰጠሁም፣ አልከለከልኩምም። «ለእኔ አይደለም የሚነግሩት» አልኳቸው። «አባቴ በሕይወት አሉ። ሌባ ወልጃለሁ ብለው እንዳይሞቱ፣ ለእሳቸው ይንገሩልኝ።»

መምህር ጌታሁን የተሸለሙትን ጋቢ እንደለበሱ አብረን በባጃጅ ወጣን። በተፍኪ መንገድ ስንሄድ፣ ልጅ ሆኜ የማውቀው ማሳ በመጋዘን ግንብ ታጥሮ፣ ወንዙ ከፋብሪካ ኋላ ቀጥኖ ሲያልፍ እያየሁ፣ ምን እንደጎደለኝ ለራሴ ቆጠርኩ። ኦቦ ደቻሳ ሞተዋል። ግርፋቱ የተሻለኝ በሳምንቱ ነበር። የተገረፍኩ ዕለት ማታ ግን አባቴ በሬዎቹን እየፈቱ «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» አሉኝ፣ «ምንም» አልኳቸው። በማግስቱም «ምንም።» ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተዉት። በዚያች ግቢ ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት ተወርቶ አያውቅም፤ ሳልፍና ስመረቅ እንኳ የነገሯቸው ጎረቤቶች ናቸው። መምህር ጌታሁን ይህን እንዲከፍሉ ነበር የፈለግሁት፤ ሊከፈል የማይችል መሆኑን እያወቅሁ።

አባቴ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ወንበራቸው ተቀምጠው ነበር። መምህሩን ሲያዩ ከዘራቸውን ተመርኩዘው በመከራ ተነሡና ወንበሩን ለቀቁላቸው።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ኦቦ ቶሎሳ» አሉ መምህር ጌታሁን።

«ኧረ መምህር! እርስዎ ይቀመጡ።»

መምህሩ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የዚያን ጊዜ ድርሰት፣ ልጅዎ አልሰረቀችም። የራሷ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ አባቴ።

«ምኑን?» አልኩ እኔ።

«ልብስ ልታጥቢ ወንዝ ወርደሽ፣ እኔ ማዶ እንጨት እቆርጥ ነበር። ያን ድርሰት ለብቻሽ ጮክ ብለሽ ስትይው ሰማሁሽ። ትይውና ታፈርሺዋለሽ፣ ደግሞ ሌላ ትይዋለሽ። የገለበጠ ሰው አያፈርስም።»

መምህር ጌታሁን ቀና አሉ። «ታዲያ ለምን መቷት?»

«እርስዎ መምህር ነዎት» አሉ አባቴ። «ያ ሁሉ ልጅ እያየ ውሸታም ላድርግዎት?»

 ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነበር። አባቴ እንደቆሙ ናቸው።